ስድስት አተር

ልጅ ሳለሁ ጸደይ የሚገባው እትዬ ሊን የወንድሜን እጅጌ ሲሰፉ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ሊን ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ባለው አፓርታማችን፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ቻይናዊት አሮጊት ነበሩ። ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም ብላ «እትዬ» ያስባለችን እናቴ ናት። እሷ ፓሳዴና ካለው ሆስፒታል ከሥራ እስክትመለስ እኔንና ታናሼን ናቲን የሚይዙን እሳቸው ነበሩ።

ያኔ ፌብሩዋሪ ሲገባ፣ ውጭ እየዘነበ፣ የምድጃውን እሳት ዝቅ አድርገው ስስ ቂጣ ይጋግሩልናል፤ ምላስ የሚያቃጥል ጥሬ ፍጅልም ልጠው ያስነክሱናል። ጸደይን መንከስ ነው ይሉታል። የመጥበሻው ጭስ ክፍሉን ሲሞላ፣ በትንሿ ቀይ መብራት ሥር ተቀምጠው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው የመንደራቸውን ወግ ያወሩልናል። ጸደይ በሚገባበት ቀን ከጭቃ የተሠራ በሬ አደባባይ ቆሞ እስኪፈርስ ይገረፋል፤ ሲፈርስም ሰው ሁሉ ለማሳው በረከት አንድ አንድ ጓል ይሻማል። እኔ የምወደው ይህን ነበር። ናቲ የሚወደው ግን የጨርቅ ዶሮዋን ነበር።

ዶሮዋ ከቁራጭ ጨርቅ የምትሰፋ ጫጩት ናት። ልጁ ስንት ዓመቱ ከሆነ ያን ያህል አተር በክር ተሰክቶ ምንቃሯ ላይ ይንጠለጠልና ግራ እጅጌው ላይ ትሰፋለች፤ አተሩን ስትበላ በሽታውንም አብራ ትበላለታለች። የእትዬ ሊን እናት በስደት ላይ ሳሉ ይህን ሳያደርጉ የቀሩበት ዓመት ነበር፤ በዚያው ዓመት የእትዬ ሊንን ታናሽ ወንድም ፈንጣጣ ወሰደው። ይህን ሲነግሩን ዓይናቸውን ከመርፌው አላነሱም። ናቲ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። አተሩንም የገዙት እኛ ሽሮ ከምንገዛበት ሱቅ ነው።

እናቴ ማታ እጅጌውን አየች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈርታ ነው። የናቲ ሳል ሦስት ሳምንት አልለቀው ብሎ ነበር፤ የጸሎት ቡድኗ ሰዎችም በልጁ ላይ የታሰረ ነገር አለ ብለዋት ነበር። ዶሮዋን በመቀስ ቆርጣ ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻት።

«ሁለተኛ እዛ ቤት እንዳትገቡ» አለችን። «እስክመጣ በሩን ሎክ አድርጋችሁ ትቀመጣላችሁ። ለማንም እንዳትከፍቱ፣ ኦኬ?»

ለእትዬ ሊን ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ሲያዩን ፈገግ ይላሉ፤ እኛ አቀርቅረን እናልፋለን።

በዓመቱ፣ ዝናቡ ሲመለስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ።

«ሊያ» አሉ እትዬ ሊን ከውጭ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ሊያ፣ ናቲ።»

ናቲ ሮጦ ወደ በሩ ሄደ። ያዝኩትና አፉን በእጄ አፈንኩት። እናቴን መፍራቴ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸውንም ፈርቼ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እትዬ ሊን ድግምተኛ ናቸው ሲባል የሰማሁት ውስጤ ገብቶ ነበር። እንደገና አንኳኩ፤ ቆዩ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸው ቀስ እያለ ሲመለስ ሰማሁ።

በአራተኛው ቀን የአፓርታማው ኃላፊ በራቸውን ከፈተ። ብቻቸውን ሞተው ተገኙ። ጠረጴዛቸው ላይ የእኛ የቤት ቁጥር የተጻፈበት የወረቀት ከረጢት ነበርና ለእናቴ አምጥቶ ሰጣት። ውስጡ ሁለት የጨርቅ ዶሮዎች ነበሩ። አንዷ ስድስት አተር ነበራት፣ ሌላዋ አሥር። ሳያገኙን በከረሙበት ዓመት እንኳ ዕድሜያችን አልጠፋባቸውም። እናቴ አየቻቸውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን በር መንኳኳቱን አልነገርኳትም።

ያን ዕለት የመጡት ዶሮዎቹን ሊሰጡን ይሁን፣ ወይስ ታመው ሰው ፈልገው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዶሮዎቹ እኔ ጋ አሉ፤ አተሩ ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል። ናቲ አሁን ግሌንዴል ይሠራል፤ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳው፣ መኪና እየነዳ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«እኔ እኮ ልከፍት ነበር» አለኝ።