የፊሊፒንስ ግብር፣ ጫኖ ማንጎ ሥር

የበሰበሰ ማንጎ ሽታ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ሲገጥመኝ ዛሬም ቆም እላለሁ። ለሌላው ቆሻሻ ነው። ለእኔ ትምህርት ቤት ነው።

ያኔ ጺም አብቅያለሁ፤ ፊደል ግን አልቆጠርኩም። ጫኖ መንደር ሙዝ እየጫንኩ ነበር የምኖረው። የጎልማሶች ትምህርት ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ይሰጠን ነበር። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። በጋሞ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ካላወቅህ ልንገርህ፦ ሌሎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። ለእነሱ ውኃ በጣሳ፣ ለእኔ በእፍኜ። ማንም አልሰደበኝም። እንዲያው ነበር፣ በቃ።

አስተማሪያችን ከሰሜን የመጣች፣ የሹም ሚስት፣ ደግ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ስለ ፊሊፒንስ አነበበችልን። እስፔኖች አገሩን ይዘው ሰዉን በየዘሩ ለይተው አስገበሩት፤ ክልሱ የአገሬውን እጥፍ፣ ቻይናው ከዚያም በላይ፣ እስፔኑ ምንም። ሰው ማንነቱን የሚያውቀው በሚከፍለው ነበር። ፊሊፒኖ የሚባለውም እዚያ የተወለደ እስፔን ብቻ ነበር አለችን። ኋላ ግን ገባሮቹ ስሙን ነጥቀው ለራሳቸው አደረጉት።

አብረውን የሚማሩ፣ ከደጋ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። አባታቸው ግብር ለሚያስከፍላቸው መልከኛ ማር ይሸከሙ እንደነበር አወሩና «እኛም እንደነሱው ነን» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን አንገበገበኝ።

«አባባ፣ ‹እኛ› ሲሉ እኔ አለሁበት? አያቴም ለዚያው መልከኛ ማሰሮ ተሸክማለች። እናንተ ቤት ግን ገብታ አታውቅም።»

አስተማሪዋ መጽሐፏን አየች።

«ጎሜ ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ጎሜ የሚባለው ክልክል ነው፤ የጣሰው ሰው እህሉ ይደርቃል፣ ልጁ ይታመማል። ይህን ብለው አግዳሚው ላይ ሸሸት አሉና ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። እንጨቱ በሳቸው ገላ ሞቆ ነበር።

በዚያው ክረምት በቆሏቸው ደረቀ። ልጆቻቸው በእኔ ነው ብለው ከትምህርቱ አስቀሯቸው። ያኔ ተናደድኩ፤ አሁንም እናደዳለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሲቀላ መናኸሪያ፣ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ ሊወጡ ሲሉ ነው። እጄን ያዙ።

«እነዚያ ሰዎች እስፔኖቹን አስወጧቸው?»

«አስወጧቸው፣ አባባ። ወዲያው ግን አሜሪካ መጣባቸው።»

«አይ፣ ምስኪኖች» ብለው ሳቁ። ልጆቻቸው ቆመው ያዩናል። የታክሲው ረዳት ሴቻ፣ ሴቻ እያለ ይጣራል። ታክሲው ሞልቶ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ እጄን አልለቀቁም።