ወደ ታች የዞረው መብራት

የጤና ጣቢያውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ጋሽ ኮርኒስ» ይሉታል፤ ዐይኑ ከላይ፣ እግሩ ከመሰላል አይወርድም። በየጠባቡ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት የሰቀለው እሱ ነው። የሰው ትንፋሽ ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ያ ሐምራዊ ጨረር በአየሩ የተሳፈረውን ባክቴሪያ እዚያው ይፈጀዋል። የመብራቶቹን አቧራ ሲጠርግ ያንጎራጉራል። እንጉርጉሮው ግን ለመብራቱ አይደለም፤ ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ነው።

ሊያገባት ይፈልጋል። እሷም አልጠላችውም። ልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድሟ ግን «ይሄ ሰውዬ ለጨዋታ እንጂ ለትዳር አልተፈጠረም፤ ቁም ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም» ብሎ እንቢ አለ።

አንድ ቀን በካርድ ክፍሏ ትንሽ መስኮት በሽተኛ ሲስልባት ውሎ ልጅቷ አኮረፈች።

«አንተዬ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ለኮርኒሱ ሰጥተህ እኔን ለሳል ተውከኝ?»

«ኮርኒሱ አያኮርፍማ፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው እሱን አግባ።»

ይህች ቃል አንጀቱን በላችው። ጨረሩ ዐይን እንደሚያቃጥል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ፍቅር ከዕውቀት ቀድሞ መሰላል ይወጣል። «ትንሽ ብቻ» ብሎ የክፍሏን መብራት ወደ ወንበሯ ዘንበል አደረገው፤ እንዲህ እያለ፦

ከላይ ተሰቅለህ ለብቻ የበራኸው፣
ከታች ያለችውን ምነው የረሳኸው።

ከዚያ አጠገቧ ቆሞ እስኪመሽ አጫወታት።

በማግስቱ ሁለቱም ዐይናቸው ፍም መስሎ፣ እንባቸው እየወረደ መጡ። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራቸዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ አይታቸው ከንፈሯን መጠጠች፤ «አይ ፍቅር፣ ሲላቀሱ ነው ያደሩት።» ሐኪሙ ጠብታ ሰጣቸውና «ቶሎ ይድናል፤ መብራቱን ግን አሁኑኑ ወደ ላይ መልሰው» አለ። ጋሽ ኮርኒስ መለሰው። አንገቱን ደፍቶም ይቅርታ ጠየቃት።

«ይቅርታህ ይቆይ» አለችው አንድ ዐይኗን ጨፍና። «ሳይድንልን ወንድሜ ጋ እንሂድ።»

«ምን ልበለው?»

«ምንም። አንተ አፍህን ስትከፍት ነው የሚበላሸው።»

ወንድምየው ከስፌት መኪናው ቀና አለ። እህቱ ታለቅሳለች። ያ ቀልደኛም ያለቅሳል፤ ጨዋታ የለ፣ ተረብ የለ፣ እንባው ብቻ ኮለል ይላል። መኪናውን አቆመ።

«በኔ የተነሳ ነው እንዲህ የሆናችሁት?»

እሷ ዐይኗን በመሐረብ ጠረገች። ጋሽ ኮርኒስ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ወደ ላይ ቀና አለ፤ የአምፖሉ ብርሃን ዐይኑን ወጋውና እንባው በእጥፍ ጎረፈ።

«በቃ፣ በቃ ወንድሜ» አለ ልብስ ሰፊው፣ የራሱም ድምፅ ተሰብሮ። «የሙሽራ ልብስህን እኔው እሰፋልሃለሁ። ና፣ ትከሻህን ልለካው።»