አንዲት ኳስ የቀረችበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ይነግሩኝ የነበረው ተረት አጠነከረኝ ወይስ መሸነፍን አስለመደኝ? ይሄን ጥያቄ ዛሬ እናት ሆኜም መመለስ አልቻልኩም።

ያኔ የምንኖረው ኧርቪንግ ከተማ ነበር፤ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔና የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ታደሰ። ጋሼ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዱ ነበር። ሲነዱ ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ ሶ የአካባቢውን የቤዝቦል ቡድን ጨዋታ አንድም አያመልጣቸውም። እንግሊዝኛም የለመዱት ከዚያው ነው። ሰመር ላይ፣ ሥራ በማይገቡበት ምሽት፣ በራችን ላይ ከሰል አቀጣጥለው ዶሮ ይጠብሱልናል። ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ የበራፉን አምፖል የከበቡት የእሳት ራቶች ጥላ ግድግዳው ላይ እየተራወጠ፣ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ድምፁ እስኪርቅ ቆም እያሉ፣ የቡድኑን ነገር ይተርኩልናል።

አገር ቤት ሽማግሌዎች ዓመቱን በደረሰበት ነገር እንደሚጠሩት፣ ጋሼም ለቡድኑ ዓመታት ሁሉ ስም ነበራቸው። ዋናው ኳስ ወርዋሪ ተጎድቶ የተቀመጠበት «የክርኑ ዓመት» ነው። ተጫዋቾቹ በፀሐይ የዛሉበት «የሐሩሩ ዓመት»፣ ጎበዞቹ አንድ ባንድ ወደ ሌላ ቡድን የሄዱበት ደግሞ «የተበተኑበት ዓመት» ነው። ቤታችን ውስጥ ጊዜ የሚቆጠረውም በዚሁ ነበር። ወንድሜ ትምህርት ቤት የገባው በክርኑ ዓመት ነው፣ እናቴ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በተበተኑበት ዓመት። አሥር ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከሁሉም የምንወደው አንዲት ኳስ የቀረችበትን ዓመት ነው። ቡድናችን ትልቁን ዋንጫ ሊበላ አንዲት ኳስ ቀርታዋለች። ጋሼ የከሰሉን መቆንጠጫ እንደ ኳስ መምቻው ዱላ ከፍ አድርገው ይቆማሉ፤ ፍሙ ፊታቸውን ከሥር ያበራዋል። የባላጋራው ቡድን መቺ ኳሷን ይመታታል፤ የእኛ ሰውዬ ከቀለባት ዋንጫው የእኛ ነው። የእኛ ሰውዬ ወደ ኋላ እየሮጠ እጁን ይዘረጋል፣ ይዘረጋል፣ ኳሷ ከጓንቱ በላይ ታልፋለች።

«ከዚያስ?» እንላቸዋለን፣ መጨረሻውን እያወቅነው።

«ከዚያማ ተሸነፉ። ተነሱ፣ እጃችሁን ታጠቡ።»

እናቴ ከውስጥ ትጮሃለች፣ «አንተ ሰው፣ ለልጅ እንዲህ ይወራል? አንድ ቀን እንኳ ቢያሸንፉ ምናለበት!»

«እኔ ነኝ እንዴ የምጫወተው?»

«የምታወራውስ አንተ አይደለህ!»

«ብርዱ ሲያልፍ ይመለሱ የለ? ያኔ እነሱን ጠይቂያቸው» ይሏታል፣ ዶሮውን እያገላበጡ።

እውነትም ብርዱ ሲያልፍ ሬዲዮው ይከፈታል። ጋሼ ሚኒባሱ ውስጥ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲሰሙ አምና የሆነውን ሁሉ የረሱ ይመስላሉ።

ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቡድኑ በመጨረሻ ዋንጫውን በላ። ደስ ብሎኝ ወዲያው ኮል አደረግኳቸው። «ጋሼ፣ የዘንድሮውን ማን አሉት?» ብላቸው፣ «ስም ምን ያደርግለታል? አሸነፉ፣ አለቀ» አሉኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሀይስኩል እንደጨረስኩ የነርስ ረዳት ፈተና ተፈትኜ ወደቅኩ። ደግሞ መፈተን ይቻል ነበር፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። ማለቴ፣ አላለቀስኩም፣ አልተናደድኩምም። መውደቅ የታወቀ ነገር ነው ብዬ መጋዘን ሥራ ገባሁ፣ እስካሁንም እዚያው ነኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ያንኑ ተረት ይሰማ የነበረው ወንድሜ ግን ኮሌጅ አንድ ትምህርት ወድቆ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ደግሞ ወሰደ፣ አለፈም። አንድ ከሰል ዳር ተቀምጠን እሱ ተጫዋቾቹ በየዓመቱ መመለሳቸውን ሰማ፣ እኔ መሸነፋቸውን ብቻ ሰማሁ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የሚያስጨንቀኝ ልጄ ናቲ ነው። አምስት ዓመቱ ነው። እዚህ አሁን የምንኖርበት ሌዊስቪል የትንንሽ ልጆች ቤዝቦል አስገብተነው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ኳሷ በእግሮቹ መሀል አለፈችበትና ቡድኑ ተሸነፈ፣ ልጆቹም ሳቁበት። መኪና ውስጥ ጫማውን አውልቆ ወረወረና፣ «እማዬ፣ ሁለተኛ አልሄድም» አለኝ። አላለቀሰም። ያስፈራኝም ይሄው ነው፤ ፊቱ ልክ የእኔን ይመስል ነበር።

ባለቤቴ «ተይው፣ ልጅ እኮ ነው፣ ሌላ ነገር ይወዳል» ይላል። ጋሼ አሁን አዲሰን የሚባል ከተማ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። «ያንን ተረት ለናቲ ይንገሩልኝ» ብዬ ደወልኩላቸው።

«ሄዶ ይጫወትና ይምጣ» አሉኝ።

«ደግሞ ቢሸነፍስ ጋሼ?»

«ተሸንፎ ይምጣ። ተረቱ የሚገባው ያኔ ነው።»

እሺ አልኳቸው፣ ልቤ ግን እሺ አላለም። ብወስደው እንደገና ይሳቅበትና ኳስን ብቻ ሳይሆን እኔንም የሚጠላ ይመስለኛል። ብተወው ደግሞ፣ ነገር ሲከብድ ትቶ መሄድን ገና በአምስት ዓመቱ ያስተማርኩት እኔ እሆናለሁ።

ጨዋታው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እምቢ ቢለኝም ይዤው ልሂድ፣ ወይስ ራሱ «ውሰጂኝ» እስኪል ልጠብቀው? ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ እባካችሁ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር ንገሩኝ።