ጌታቸውን ያልለቀቀው ትኩሳት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ሳትጨርስ «ተሽሎኛል» ብላ መተዋን ስትነግረኝ ድንገት ተቆጣኋት። ግራ ገባት። እኔም ወዲያው አላስረዳኋትም፤ ሐሳቤ ጅጅጋ ሄዶ ነበር።

በደርግ ዘመን ነው። እኔና ጌታቸው፣ ሁለት ወጣት መምህራን፣ ጅጅጋ ተመድበን አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጌታቸው የስፖርት መምህር ነው። ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ሲሮጥ አቧራው ከኋላው ይነሣል፤ ድካም የሚባል ነገር አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ የአንድ ተማሪያችን አባት፣ ሐጂ አብዲ፣ ቀብሪበያ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው ጋበዙን። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ለምልሞ ነበር። ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ከዚያ በታጠነ ዕቃ የታለበ የግመል ወተት፣ ገና ከነአረፋው፣ ቀረበልን። እኔ የጭሱ ሽታ ከብዶኝ ከከንፈሬ አላሳለፍኩትም። ጌታቸው የኔንም ጨምሮ ጠጣው። ሐጂ አብዲ ደስ ብሏቸው ሳቁ።

ከሳምንታት በኋላ ትኩሳቱ መጣ። ቀን ደኅና ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይንቀጠቀጣል። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ወሰደ። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ የዚያንም ወሰደ። ሻል ይለዋል፣ ደግሞ ይመለስበታል። ወገቡን ይዞ መራመድ ሲጀምር ሐረር ወሰድኩት።

ደሙ ተመረመረ። ሐኪሙ በሽታው ካልፈላ ወተት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባል መሆኑን ነገሩን።

«ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት ይዘው የሚውጡ ሕዋሳት አሉት» አሉ። «ሌላውን ጀርም ውጠው ይፈጩታል። ይሄኛው ግን ቢዋጥም አይሞትም። እዚያው ውስጣቸው ተደብቆ ይራባል።»

ጌታቸው ፈገግ አለ። «ዘበኞቹ ናቸው የደበቁት በሉኛ።»

ሐኪሙ አልሳቁም። «ሳያውቁት። አንተ ዳንኩ ትላለህ፣ እሱ ግን አለ። መድኃኒቱ እዚያ ድረስ ገብቶ እስኪጨርሰው ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ።»

ስንመለስ ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛን። ኬላው ጋ ወታደሮች አውቶቡሱ ላይ ወጥተው መታወቂያችንን ሲያዩና ከመቀመጫ ሥር ሲፈትሹ ጌታቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እነዚህም ቢሆኑ አያገኙትም» አለኝ ቀስ ብሎ።

መርፌውንና እንክብሉን ጀመረ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ ምግብ ተስማማው፣ እንደገና መሮጥ ጀመረ። አንድ ቀን እንክብሉን ከጠረጴዛው ላይ አጣሁት።

«የት አደረግኸው?»

«ተውኩት፣ ጨጓራዬን እያቃጠለኝ ነው። ደሞ እስቲ እየኝ፣ የታመመ ሰው እመስላለሁ?»

አይመስልም ነበር። ለመንኩት፣ አስፈራራሁት፤ ሳቀብኝ። ወራት በጤና አለፉ። እሱ ሲጫወት እኔ ላብ ያለበት እንደሆን ግንባሩን አያለሁ። ጤንነቱ ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

በበጋው ተማሪዎቹን ሲያሠለጥን ሜዳው ላይ ቁጭ አለ፤ መነሣት አቃተው። በሽታው የጀርባ አጥንቱን ሲበላ ከርሞ ነበር። አዲስ አበባ ሆስፒታል ለብዙ ጊዜ ተኝቶ በምርኩዝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሮጦ አያውቅም።

አሁን ሁለታችንም ሸምግለናል። እሱ ድሬዳዋ ነው፤ በስልክ እንገናኛለን። ሐኪሞቹ ነፃ ነህ ካሉት ብዙ ዘመን ሆነ። ግን ሰው በገዛ አካሉ ላይ ያለው እምነት አንዴ ከተሰበረ በመድኃኒት የሚጠገን አይመስለኝም። «እንዴት ነህ?» ስለው አንድ ቀን እንኳ «ድኛለሁ» ብሎኝ አያውቅም።

«እስካሁን ዝም ብሏል» ነው የሚለኝ።