ደግመው የጠየቁት እንግዳ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቀላል ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ዓመት እኔም በአንድ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆንኩ። የሥራው ሕግ የተባለውን ሁሉ መተርጎም፣ ከራስ ምንም አለመጨመር ነው። መሳሳት ስለምፈራ ከሕጉ ዝንፍ አልልም ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ የአገሬ ሴት ሊታከሙ ሲመጡ፣ ደረታቸውን ይዘው መንገድ ላይ ቆም እያሉ ሲያርፉ በመስኮት አየኋቸው። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ ክሊኒኩን ሊጎበኙ የመጡ ሽማግሌ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል፣ ተቀምጠዋል።

«እንዴት ነዎት?» አለ ሐኪሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

በእንግዳ ፊት ሕመም ማውራት ለእሳቸው ነውር ነው። ተረጎምኩ። ሐኪሙ ሊያሰናብታቸው ተነሳ። ያየሁትን ልናገር ወይስ ዝም ልበል እያልኩ አመነታሁ።

እንግዳው ሐኪሙን አስፈቅደው እትዬ ጥሩነሽን ስለ ልጆቻቸው ጠየቋቸው፤ ስለ ቤታቸውም ጠየቋቸው። ከዚያ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አሉ።

«ደህና ነኝ አልኩ እኮ! እኚህ ሰውዬ ጆሯቸው አይሰማም እንዴ?»

ሕግ ነውና ይህንንም ተረጎምኩ። ሽማግሌው ሳይቆጡ ያንኑ ደግመው ጠየቁ።

እትዬ ጥሩነሽ አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ ስራመድ ደረቴን ውጥር አድርጎ ይይዘኛል፤ ንገራቸው።»

ሐኪሙ ተመልሶ ተቀመጠ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ እንግዳውን የአገሬን ሰው ጠባይ ከየት እንዳወቁት ጠየቅኳቸው።

«የእናንተን አገር አላውቀውም» አሉ። «ፓርላማ ውስጥ የጤና ሚኒስትሮችን ስለ ሆስፒታሎቻችን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ‹ደህና ነን› ነው።»