የእህቴ ግንባር ዳር

«አንተ ማንን አምነህ ታውቃለህ?» አለችኝ እህቴ፣ ሻሿን በሁለት እጇ ወደ ግንባሯ እየሳበች። «ዘይት ሻጯን ጠረጠርክ፣ ዶክተሯን ጠረጠርክ፣ አሁን ደግሞ ቤታችን ድረስ የመጣ እንግዳ! ግጥምህን ጻፍና የእኔን ራስ ለእኔ ተውልኝ።»

«የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። የሚሠራላት ማነው?»

ጥያቄው ለእሷ አልነበረም። ሶፋችን ጫፍ ላይ ለተቀመጠው ወጣት ነበር። የየካን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ስለመጣ ጭቃ የያዘ ጫማውን ከምንጣፉ ወደ ውጭ አድርጎታል፤ ጃኬቱንም አውልቆ አጠገቡ አስቀምጧል። ሲገባ ራሱን «የፀጉር ንቅለ ተከላ አማካሪ» ብሎ ነበር ያስተዋወቀን።

«ባለሙያ ነው፣ ብሮ» አለኝ።

«ሐኪም ነው?»

«ባለሙያ አልኩህ እኮ።»

«አንተስ?»

«እኔ አማካሪ ነኝ።»

«እኛ ሰፈር ደላላ ነው የሚባለው።»

እህቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

እህቴ ሹሩባ ሠሪ ናት። ሾላ ገበያ አጠገብ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። በዚህ ሥራ ደንበኛ ከመቀመጧ በፊት የምታየው የሠሪዋን ራስ ነው። ስለዚህ እህቴ ፀጉሯን ሳትሠራ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም፤ ያውም ጥብቅ አድርጋ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ እስኪሳብ። ወንበሯ ላይ ለሚያለቅሱ ልጆች «ያላመመ ሹሩባ ሳምንት አያድርም» ትላቸዋለች። ዓመታት ሲያልፉ የራሷ ግንባር ዳር ወደ ኋላ ሸሸ። ከጆሮዋ በላይ ያለው ቆዳ ልሙጥ ሆኖ ማብረቅ ጀመረ። ሻሽ ማሰር የጀመረችው ያኔ ነው። ሻሽ ያሰረች ሹሩባ ሠሪን ደግሞ ደንበኛ ማመን ያቅታታል፤ አንድ ሁለቱ ፊት ለፊት ወደተከፈተው ሹሩባ ቤት ተሻገሩ።

ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ አሸችበት። ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘይት ገዝታ ቀባች። አንድ ጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለጠበል አብሬያት ወጣሁ። ተራዋ ሲደርስ «ሹሩባሽን ፍቺና ግቢ» አሏት። ከሰልፉ ወጥታ በባሕር ዛፎቹ መሃል ቁልቁል ስትወርድ ሮጬ ነው የደረስኩባት። «ይህ ሁሉ ሰው እያየኝ አልፈታም» አለችኝ።

ቆዳ ሐኪም ጋ የወሰድኳት ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተሯ በትንሽ መብራት ግንባሯን ዳር ዳሩን አየቻት።

«ፀጉር ሁልጊዜ ሲጎተት ሥሩ ይደክማል» አለች። «ቶሎ ከተተወ ይመለሳል። ከቆየ ግን ሥሩ ይሞትና ቦታው ጠባሳ ይሆናል። ያንቺ የሞተም አለ፣ ገና ያልሞተም አለ።»

«ንቅለ ተከላስ?» አለች እህቴ።

«ይቻላል። ግን አዲስ ፀጉር የሚፈጥር ሰው የለም። ከኋላሽ ሥሩን አንድ በአንድ አውጥተው ፊት ለፊት ይተክሉታል፤ የተወሰደበት ቦታ መልሶ አያበቅልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሹሩባውን ፍቺውና ዓመት ያህል እንየው። ከተተከለም በኋላ እንደዚህ ካጠበቅሽው እሱም ይነቀላል።»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ዓመት ቆይተሽ ነይ የምትለው ደንበኛ እንዳይጠፋባት ነው» አልኳት። እህቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር «ይቻላል» የምትለዋን ብቻ ይዛ እንደወጣች የገባኝ ይህ ሰውዬ ቤታችን ሲመጣ ነው።

ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየን። «በፊት» በሚለው ላይ የሴትየዋ ፀጉር ርሶ ተጣብቋል፣ ከአናቷም መብራት በርቶባታል። «በኋላ» በሚለው ላይ ደርቆ፣ ተበጥሮ፣ በመስኮት ብርሃን ተነሥታለች።

«ይችኛዋንም አርሰህ አሳየኝ» አልኩት።

«ብሮ፣ ፖሊስ ነህ እንዴ?»

«ገጣሚ ነው» አለች እህቴ። «ከፖሊስ ይብሳል።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸውንም አልወደድኩትም፤ የተስማሙ ሰዎች ሳቅ ነበር። ሰውየው ለነገ ጠዋት ቀን ይዞላታል። እህቴም የነገ ደንበኞቿን ሰርዛለች።

«ከተተከለልኝ በኋላ ሹሩባ የምሠራው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«በሁለት ሳምንት።»

«ጠበቅ አድርጌ?»

«እንደፈለግሽ፣ እህቴ! የራስሽ ፀጉር አይደል?»

እጇ ሻሹ ላይ ቀረ። «ዶክተሯ እኮ...» ማለት ስጀምር በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ከኋላዬስ የሚበቃ ፀጉር አለ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሞልቷል! ስጋት አይግባሽ።»

«ሻሼን እኮ አላወለቅኩም። በምን አየኸው?»

«በልምድ ይታወቃል።»

ደንበኛ ደውላ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብትላት እንኳ የእህቴ መልስ «ነይና ልንካው» ነው። የሰው ፀጉር በጣቷ ሳትዳስስ ምንም ቃል ገብታ አታውቅም። ሰውየውን ከጫማው እስከ አናቱ አየችው።

«የነገውን ሰርዝልኝ» አለችው።

«ይህን ቀን ካሳለፍሽው ሌላ አታገኚም።»

«ይለፈኝ። ጃኬትህን እንዳትረሳ።»

እየተነጫነጨ ወጣ። የግቢው ቆርቆሮ በር ከኋላው እስኪዘጋ ጠበቅኩና «አላልኩሽም?» ልል ስዞር ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ሚዶዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በሹል ጭራው የመጀመሪያውን ጉንጉን ጫፍ ትፈልጋለች።

«አንተም ውጣ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ልፈታው ነው። ስፈታው ማንም አጠገቤ እንዲቆም አልፈልግም።»

«ሱቁስ? እንደዚህ ሆነሽ ልትከፍቺ ነው?»

«ነገ ያየ ይየኝ፤ የሚሄድም ይሂድ» አለች። «ዛሬ ግን ውጣልኝ፣ ወንድሜ።»

ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ሲገባ ሰማሁት።