የአዛናው መርዶ

ወረታ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ከአከራዬ ከሃምሳ አለቃ እንግዳው ጋር ተጣላሁ። ምክንያቱ ፊሽካ ነው። ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ የመጣሁት በ1986 መስከረም ነበር፤ የሳምንቱን የማስተማር ድካም ቅዳሜ ተኝቼ ልወጣ በጓጓሁበት ጠዋት፣ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ መስኮቴ ሥር ፊሽካ ተነፋ። ነጠላዬን ተከናንቤ ብወጣ ሰውየው ሁለቱን ልጆቹን፣ ልዕልትንና ይልቃልን፣ አሰልፎ ጥፍራቸውን ያያል።

«ይሄ መኖሪያ ቤት ነው ካምፕ?» አልኩት።

«የሸዋዋ፣ ፀሐይ ስትቀድምሽ አታፍሪም?» አለኝ፤ ፈገግ እንኳ አላለም።

ሳምንት ሙሉ ተኮራረፍን። ከዚያ የተበላሸች ሬዲዮዬን ሳልጠይቀው ጠግኖ በሬ ላይ አስቀመጠልኝና ታረቅን። ዕድሜያችን የተቀራረበ ስለነበር ከዚያ ወዲያ አንተና አንቺ ተባባልን። ፊሽካው ግን አልቆመም።

እንግዳው በቀድሞው ጦር የመገናኛ ሰው ነበር። ኤርትራ የነበረው ጦር ሲበተን በሱዳን ዞሮ፣ በመተማ ገብቶ፣ በ1983 ሐምሌ ላይ በእግሩ ወረታ ደረሰ። ግራ ባቱ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ስላለ ብርድ ሲሆን ያነክሳል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዞት የተመለሰው ሙያ ሬዲዮ መጠገን ነው፤ በገበያ ቀን በረንዳው በገጠር ሰው ይሞላል። የርብ ወንዝ ሲሞላ ውሃ የሚተኛባት ትንሽ መሬትም አለችው፤ ሩዝ ይዘራባታል፤ ሩዝን ግን ይንቃል። «የሩዝ እንጀራ ጠዋት እንጀራ ነው፣ ማታ ቆዳ ነው» ይላል። ሚስቱ ሙናዬ ከጤፍ ጋር ቀላቅላ ስታቀርብለት ደግሞ ሳያውቅ ጤፉን ያሞግሳል። ይህንን ለእኔ ስታወራ ሙናዬ በሳቅ ትፈርሳለች።

አስተያየት የማይሰጥበት ነገር አልነበረም። ስለ ከብት ከተነሣ ከፎገራ ላም በቀር ላም የለም። ስለ ልጆች አስተዳደግ ከተነሣ እኛ አስተማሪዎች ወሬ እናበዛለን። ሬዲዮው ዜና ሲያነብ ቁጭ ብሎ ይመልስለታል፤ ካድሬዎቹ ስብሰባ ሲጠሩት ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋል። አንዱ የቀድሞውን ጦር ሲሳደብ፣ ሌላው ሲያደንቅ፣ ለሁለቱም እኩል ይቆጣል። «ያላያችሁትን አትስደቡ፣ ያላያችሁትን አታመስግኑ» ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። ይልቃል አንድ ቀን ወታደር እሆናለሁ ቢል ሦስት ቀን አላናገረውም።

ይህ ሁሉ አፍ ያለው ሰው አፉ የሚያዝበት አንድ ቀን ነበር። እሱም እማማ ዙፋን የሚመጡበት ቀን ነው።

እማማ ዙፋን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከከተማው በታች በርብ ዳር የሚያርሱ ሴት ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። አንድ ልጃቸው አዛናው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ እንግዳው ባለበት ጦር ተመደበ። ያኔ እንግዳው ለፈቃድ ወረታ መጥቶ ነበርና እማማ ዙፋን እቤቱ ድረስ ሄደው «ልጄን አደራ፣ ከዓይንህ አታርቀው» አሉት። እንግዳውም አላራቀውም። አለቆቹን ለምኖ ወደ ራሱ ክፍል አዛወረው፤ የሬዲዮውን ባትሪ የሚሸከመው አዛናው ሆነ። ይህንን ያወሩልኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ በኩራት።

በየገበያው ሬዲዮአቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ። ልጃቸው ሱዳን ቀርቷልና ስለ ስደተኞች የሚነገር ነገር እንዳያመልጣቸው ሬዲዮዋ ዝም እንድትል አይፈልጉም። ሁልጊዜ የሚጠይቁት ያንኑ ነው።

«በሱዳን በኩል የመጣ ሰው አላየህም?»

«አላየሁም፣ እናቴ።»

«ስትለየው ደኅና ነበር አይደል?»

«ደኅና ነበር።»

ሬዲዮዋን ከፍቶ አንገቱን ይደፋል። እኔ ሞኟ የሥራው ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ዙፋን በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ልጃቸው በሰላም እንዲመለስ ብለው ይዘክራሉ። እኔም ከእነ እንግዳው ጋር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን ዳቦውን ባርከው፣ «በመንገድ ያለውን አገልጋይህን በሰላም መልስልን» ሲሉ ቤቱ በሙሉ አሜን ይላል። የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚቀበለው እንግዳው ነበር፤ ከአዛናው ጋር የነበረ ሰው እሱ ብቻ ነዋ። በልቶ ሲጨርስ ተነሥቶ በረት ገብቶ ከብቶቹን ያያል። ከብት ስለሚወድ ማንም ምንም አላለም።

በ1989 የታኅሣሥ ብርድ እማማ ዙፋንን ደረታቸውን ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ጥር ላይ ለእንግዳው መልእክት ላኩ፤ ሽማግሌ ሰብስቤ ልናዘዝ ነው፣ አዛናው እስኪመጣ ቤቴንና ከብቴን የምትይዝልኝ አንተ ነህ፣ እሑድ ና ብለው።

በዚያው ሳምንት እንግዳው እንደ ልማዱ ለእግሩ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደ፤ ሙናዬና እኔም አብረን ነበርን። ሙናዬ ገና ውሃው ውስጥ ሳለች እኔ ቀድሜ ወጥቼ ፀጉሬን ሳደርቅ መጥቶ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እግሩን በፎጣ ጠቀለለ፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው።

«አዛናው ሞቷል» አለኝ።

መልእክት የመጣ መስሎኝ «መቼ ሰማህ?» አልኩት።

«አልሰማሁም። እጄ ላይ ነው የሞተው። በ80፣ በመጋቢት መስቀል፣ ከአፋቤት ስንሸሽ። ባትሪውን ጣል ብለው አልጥልም አለኝ፤ ያንተ ንብረት ነው አለኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። የመጣ ዕለት ቤቱ በእልልታ ተሞልቶ ሳለ እማማ ዙፋን ጭቃውን አቋርጠው ደረሱና፣ ከሰው ሁሉ ፊት «ልጄስ?» አሉት። በዚህ አገር መርዶ በሰው ደስታ መሐል አይነገርም፤ ማልዶ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ቄስና ሽማግሌ ባለበት ነው እንጂ። ማንም ቢሆን ለጊዜው ደኅና ነው ይላል። እሱም ሱዳን ነው፣ ደኅና ነው አለ። በማግሥቱ ለሽማግሌዎች ሊነግር አስቦ ነበር። በማግሥቱ ግን እማማ ዙፋን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለት ተስለው፣ ለጎረቤት ሁሉ የምሥራቹን ተናግረው ነበር። ፍልሰታ ገባ፤ በጾም አላስለቅሳቸው አለ። እንቁጣጣሽ መጣ፤ በበዓል መርዶ ነውር ነው። አዝመራ ደረሰ፤ እህላቸውን ይሰብስቡ አለ። አዝመራው ሲያልቅ የመጀመሪያው ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ ዳቦውን በላ።

«ከበላሁ በኋላማ ምን አፍ አለኝ?» አለ። «ለሙናዬም አልነገርኋት።»

እኔ ትዕግሥተኛ ሰው አይደለሁም። የተቀመጥኩበትን ድንጋይ ባነሣው በወረወርኩበት ነበር። «እሑድ ሄደህ የሞተ ልጅ አደራ ልትቀበል ነው?» አልኩት።

«የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም፣ የሸዋዋ። ትገድያቸዋለሽ።»

እዚህ ላይ ነው ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ የገባኝ፤ ይበልጥ የተናደድኩትም ለዚሁ ነው። አምስት ዓመት ተኩል ያቀረበው ምክንያት ሁሉ ማንም የሚቀበለው ምክንያት ነበር። «እሳቸው ቢሞቱስ?» አልኩት። «ለልጃቸው ፍትሐት ሳያስደርጉ ቢሞቱ ማን ሊያስደርግለት ነው?» ፎጣውን ከእግሩ ፈትቶ ተነሣ። በማግሥቱ ግን ከወንዛዬ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ቄስ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄደ።

ቄስ ገብረ ኪዳን እስከ መጨረሻው ሰሙት። «እኔ የልጁን የክርስትና ስም ከመንገደኞች ጋር ስጠራ ነው የኖርሁ» አሉት። «በመቅደስ ቆሜ አስዋሸኸኝ።» ከዚያም ታመው ቢሆን እንኳ መስማት እንዳለባቸው፣ እሑድ ከኑዛዜው በፊት ማለዳ እንደሚነገራቸው ቆረጡ።

እሑድ ሳይነጋጋ ርብ ዳር ደረስን። የሩዙ ማሳ ታጭዶ ቃርሚያው ላይ ጤዛ ነበር። ዘመዶቻቸው አንድ በአንድ ድምፅ ሳያሰሙ በግቢው ቆሙ፤ ሙናዬ በመንገድ ላይ ከሰማች ወዲህ ባሏን አላናገረችውም። ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙ፤ እንግዳው ተከተላቸው።

እማማ ዙፋን በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ምን እንደሆነ መንገር አላስፈለገም። «አዛናው ነው?» አሉ።

ቄሱ ሊጀምሩ ሲሉ እንግዳው ተንበረከከ። «እናቴ፣ እኔ ነኝ የምነግርዎ። ልጅዎ ሞቷል። ከእኔ ጋር ነበረ።»

ሴቶቹ ሊጮኹ ሲሉ እማማ ዙፋን እጃቸውን አነሡና ሁሉም ዝም አለ።

«ቀበርኸው?»

«ድንጋይ ከምሬበታለሁ። በእጄ።»

«ፊቱን ወዴት አደረግኸው?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«ደግ አድርገሃል» አሉ። እውነት ለመናገር ይቅር ያሉት መሰለኝ። ሙናዬም መስሏት ነበር፤ እጄን ይዛ ጨመቀችው። ከዚያ ቀኑን ጠየቁት፤ ነገራቸው። የልጃቸው ሞት ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

«አርባውም አለፈ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰማንያውም፣ ዓመቱም። ያኔ በረሃ ነበርህ፤ አልፈርድብህም። የሰባት ዓመቱ ተዝካር ሲደርስ የት ነበርህ?»

«እዚሁ ነበርሁ፣ እናቴ።»

«በሰባት ዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል እኔ ቤት ነበርህ።»

«ነበርሁ።»

«በላህ?»

እንግዳው ግንባሩን መሬት አስነካ። «በላሁ» አለ።

«ሲሞት ብቻውን አልነበረም፤ አንተ ነበርህለት። ከሞተ በኋላ ነው ብቻውን ያደረግኸው። ለነፍሱ የሚጸልይለት እናት እያለችው፣ እንደ ውሻ ልጅ ያለ ፍትሐት አስቀመጥኸው። እኔን አታለልኸኝ፤ ግድ የለም፣ እኔ በሕይወት ነኝ። እሱን ግን ምን አርጎህ ነው?» ትንፋሽ አጠራቸው። ከዚያ ሌላውን ሰው እያዩ፣ «በልጄ ልቅሶ ይህ ሰው እንዳይገባ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የጮኹት። ያን ጩኸት ያለ ምንም ምሳሌ ልተወው።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ፍትሐቱ ተደረገ። እማማ ዙፋን በሰው ተደግፈው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ሦስቱን ቀን ተቀምጠው አለቀሱ። የልጅነት ልብሱን አወጡ፤ አልቃሾቹ ስሙን እየጠሩ ገጠሙለት። ከሐሙሲትም ከይፋግም ዘመድ መጣ። ያለፈውን ተዝካር ሁሉ በአንድ ላይ እናወጣለን ብለው ሁለቱን በሬዎች አሳረዱ። እኔ በሽታው ይጥላቸዋል ብዬ ስፈራ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል መቅመስ ጀመሩ። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር በእንግዳው እንደገና እናደዳለሁ።

እንግዳው ሦስቱንም ቀን ከአጥሩ ውጭ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። የሚመጣው ለቀስተኛ የቤቱ ሰው መስሎት «እግዚአብሔር ያጥናህ» እያለው ያልፋል፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። በሁለተኛው ቀን ሙናዬ አላስችላት ብሎ ምሳ ወሰደችለት፤ ከባለጌ ልጅ ጋር እንደምትነጋገር «ብላ» አለችው። አልበላም። በሦስተኛው ቀን እኔ ወጣሁ።

«ቤትህ ሂድ» አልኩት። «እግርህ አብጧል።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ ወደ ድንኳኑ እያየ። «በረሃ ሳለን ማልቀስ አይፈቀድም ነበር። እዚህ ስመጣ ደግሞ ይታወቅብኛል ብዬ አላለቀስሁም። ሰዉ አንድ ላይ ሲያለቅስለት እኔም መሐል ገብቼ አለቅስ ይሆናል ስል ነበር።»

በድንኳኑ ውስጥ የአዛናውን ቁመት እየጠሩ ነበር። አንዲት ሴት ዓይኑ ትልልቅ ነበር አለች።

«ትልልቅ አልነበረም» አለ እንግዳው።

ገብተህ ንገራቸው ልለው አልችልም። እማማ ዙፋን ዘንድ ሄጄ ለመንኩለት፤ ቄስ ገብረ ኪዳንም ለመኑለት። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እኔ ገና አልቻልሁም» አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱም ያንኑ እንዳሉ ነው የሞቱት።

እኔ ወደ ሸዋ እስከ ተመለስኩበት እስከ 1994 ድረስ እንግዳው በየዓመቱ ለመጋቢት መስቀል የአዛናውን ስም ለጸሎት ለቄሱ ይሰጥ ነበር። ፊሽካውን ይነፋል፣ ሬዲዮ ይጠግናል፣ ከዜናው ጋር ይከራከራል። ሲያለቅስ ግን አንድም ቀን አላየሁትም፤ ሙናዬንም ጠይቄአት ነበር፣ እሷም አላየችውም።